የጀንፈል መጋዘን ውስጥ ያሳየሁት ፊልም

ሲወስዱኝ ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነበር። ሁለት ፖሊሶች በቪዲዮ ቤቴ የኋላ በር ገቡ፤ አንደኛው ሶኬቱን ነቀለ፣ ሌላኛው ትከሻዬን ያዘ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ አግዳሚዎቹ ጢም ብለው ሞልተዋል። «ትንሽ ነው የቀረው፣ ላስጨርሳቸውና አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አልኩ። የያዘኝ ፖሊስ ግራ ገብቶት ጓደኛውን አየው። ያን ሰዓት እንኳ ያንገበገበኝ መያዜ ሳይሆን ሰዎቹ ፊልሙን ግማሽ ላይ ትተው መውጣታቸው ነበር። እንዲህ ነኝ እኔ፣ ምን ይደረግ።

ቪዲዮ ቤቱ ሚዛን ከተማ ውስጥ ከገበያው ወረድ ብሎ ነው። የእለት እንጀራዬ የእንግሊዝ ኳስና የህንድ ፊልም ነው። ቅዳሜ ረፋድ ግን ዘጋቢ ፊልም አሳያለሁ። ስለ አፍሪካ መሪዎች የተሠሩትን እየፈለግሁ አመጣለሁ፤ ነፃነት አምጥተው የተገለበጡትን፣ የተገደሉትን፣ ወንበራቸው ላይ ያረጁትን። ፊልሞቹ እንግሊዝኛ ስለሆኑ ድምፁን ዝቅ አደርግና በማይክሮፎን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የሚመጣው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ሰው አይደለም። መምህር አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ቡናውን ሸጦ ወደ ሸኮ የሚመለስ ገበሬ አለ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር አለ። በቤንችኛ አፉን የፈታውም በካፊ ኖኖ አፉን የፈታውም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የእኔን አማርኛ ይሰማል። ስለዚህ አማርኛዬን አጭርና ጥርት ያለ አደርገዋለሁ። ይሄን የምናገረው ለመኩራራት ነው፤ አዎ፣ እኮራበታለሁ።

አንድ ሕግ አለኝ። ሙያውን የቀሰምኩት ዲማ በኩል በአንድ የስደተኞች መጠለያ አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ ነው። እዚያ አንዲት ቃል ከጨመርክ ወይ ከቆረጥክ የሰው ዕድል ይበላሻል፤ አፌን የገራሁት እዚያ ነው። ቪዲዮ ቤት ስከፍት ሕጉን ይዤው መጣሁ። የፊልሙን እንዳለ እናገራለሁ። የራሴ የምለው ነገር ሲኖረኝ ፊልሙን አቆምና «ይሄ የእኔ ነው» እላለሁ። ከዚያ የመጣልኝን እናገራለሁ፣ ሰዉም ይመልስልኛል፣ ተጨቃጭቀን ስናበቃ ፊልሙ ይቀጥላል። ደንበኞቼ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። አንዳንዱ ፊልሙ ሲረዝምበት «ኧረ የአንተን ንገረን!» እያለ ከኋላ ይጮህብኛል።

ያሳሰረኝ ፊልም ረጅም ስለነበር ለሁለት ቅዳሜ ከፈልኩት። አገሩን ከቅኝ ገዢ ነፃ ስላወጣ አንድ የአፍሪካ መሪ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬም ሰው በስሙ ይጣላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰውዬው ስታዲየም በሞላ ሕዝብ ፊት ቆሞ «እኔ ባልኖር እናንተም አትኖሩም!» ይላል። እንዳለ መለስኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም የምን ሳቅ እንደሆነ ሳይገባኝ አብሬ ሳቅሁ። ለካ በዚያው ሳምንት ስለ ውሃ በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ የከተማችን ሹም ጠረጴዛ እየደበደበ ቃል በቃል ይህንኑ ብሎ ኖሯል። ስብሰባው ላይ አልነበርኩም። ሹሙና ፖሊሶቹ ግን ፊልሙ ውስጥ ሆን ብዬ ያንን ቃል ከትቼ ያላገጥኩበት ነው የመሰላቸው። በሁለተኛው ቅዳሜ መጥተው ያዙኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ነው። ግድግዳው አሁንም ጀንፈል ይሸታል፤ ከነገለባው የደረቀ ቡና ማለቴ ነው። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ፍርሃት እጠብቅ ነበር፤ ቀድሞ የመጣብኝ ግን አባቴ ቡና የሚያከማችበት ጓዳ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ይታወቃል፤ ሲጀምር ጎንህ ያለው ሰው ቢጮህም አትሰማውም። ስገባ እየዘነበ ስለነበር ሰላምታ ሁሉ በአፍ ሳይሆን በእጅ ሆነ። ጥግ ላይ ቦታ አሳዩኝና ቁጭ አልኩ።

ዝናቡ ሲያባራ የክፍሉ አለቃ፣ እስረኞቹ ካቦ የሚሉት ሰውዬ፣ ጠራኝ። ከጌጫ የመጣ ወፍራም የቡና ነጋዴ ነው፤ ያለ ፈቃድ ቡና ጭነሃል ተብሎ ነው የገባው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ቃሉን እየመረጠ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው።

«አዲስ ገቢ ራሱን ያስተዋውቃል» አለኝ። «ሥራህን ተናገር።»

«ፊልም አስተርጓሚ ነኝ።»

«እሰይ!» ብሎ ጭኑን መታ። «ሰዎች፣ ቴሌቪዥን ገባልን!»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እስር ቤት ገብቼ እንዲህ እስቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከሁሉም ዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። ክፍሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ወጣት ሳሉ ከወሎ በሰፈራ ነው እዚህ የመጡት። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ዛፍ ሥር ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለው ስንቱን ገበሬ ፊደል አስቆጥረዋል። የታሰሩት በቡና ማሳ ድንበር ከጎረቤታቸው ጋር ተጣልተው ነው። የፊልሙ መሪ ማን እንደሆነ በነገርኳቸው ጊዜ ብድግ አሉ።

«እሱን ነው ያሳየኸው? እሱን?»

«አዎ ጋሼ።»

«የመጀመሪያ ልጄን ስም ያወጣሁለት በእሱ ነው። ሰፈራ ጣቢያው ውስጥ አንዲት ራዲዮ ነበረች። ድምፁን ሰምቼ፣ ጥቁር ሰው እንዲህ ሲናገር ሰምቼ፣ ቆሜ አለቀስኩ። ንገረን። ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረን።»

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳውን ተደግፌ ጀመርኩ። ማይክሮፎን የለኝም፣ ሥዕል የለኝም። ግን ያንን ፊልም ለደንበኞቼ ከማሳየቴ በፊት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የሙያው ደንብ ነው። መሪው በወጣትነቱ ከአንድ ጓደኛው ጋር በአንዲት ብስክሌት ገጠር ለገጠር እየዞረ ሕዝብ ሲቀሰቅስ፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ኋላ ተፈናጦ። የነፃነት ዕለት ባንዲራው ሲወጣ። ግድቡ ሲሠራ። የአገሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም በእሱ ትምህርት ቤት ተምራ ዛሬ አርጅታ፣ ካሜራ ፊት «እሱ ባይኖር ፍየል እጠብቅ ነበር» ብላ ስታለቅስ።

ከእስረኞቹ መሃል አንድ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ነገር የሚፈልግ፤ «ባክህ ይሄ አምባገነን ነው» አለኝ። «ግድብና ትምህርት ቤቱን ዝለለውና ጉዱን አምጣ።»

«አልዘልም። ተሠርቷል፣ እነግርሃለሁ።»

«እሰይ የእኔ ልጅ!» አሉ ጋሼ። ያን ቀን አንገታቸው ቀና ብሎ ዋለ። ከአንድ ትሪ ስንበላ ከፊታቸው ያለውን ሥጋ ወደ እኔ ገፉት። ዝናብ ሲመጣ ፊልሙ ይቆማል፤ ሲያባራ «ቀጥል!» የሚለው የመጀመሪያ ድምፅ የእሳቸው ነበር።

ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። ወንበር ሰጠኝ።

«ነገሩን አናክብደው» አለ። «ያቺ ቃል የፊልሙ አይደለችም፣ ከራሴ ነው የጨመርኳት በል። ይቅርታ ትጠይቃለህ፣ ሹሙም ደስ ይለዋል፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«የፊልሙ ናት እኮ። ፍላሹ እጃችሁ ላይ ነው፣ ክፈቱትና እዩት።»

«ማነው ቁጭ ብሎ እንግሊዝኛ የሚያይልህ? አንተ ሰው፣ አንዲት ቃል ናት። ምን ይጎዳሃል?»

ይሄን ሲለኝ ደሜ ፈላ። ሰውዬው የጠየቀኝ ሙያዬን እንድሸጥለት መሆኑ አልገባውም። ጨመርኩ ብዬ የወጣሁ ቀን፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ማይክሮፎን የምናገረውን ማን ያምናል? እስካሁን የተናገርኩትንስ? ይህንኑ አልኩት። «እሺ፣ አስብበት» ብሎ መለሰኝ።

በማግስቱ ባለቤቴ ጎደሬ በሚጥሚጣ ይዛ መጣች። አጥሩ ጋ ቆመን ነው የምናወራው። ሸኮ መንገድ ላይ ትንሽ የቡና ማሳ አለችን፤ ቀይዋ ፍሬ የምትለቀምበት ሰሞን ነበር።

«ቡናው መሬት እየወደቀ ነው» አለች። «ብቻዬን አልዘልቀውም። ምንድነው የሚሉህ?»

ነገርኳት። ጨመርኩ ብል ዛሬ እንደምወጣም ነገርኳት። ባለቤቴ ስታስብ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ነከሰች።

«ጨምረሃል እንዴ?»

«አልጨመርኩም።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?» አለችና ሳህኑን በአጥሩ ሥር አሾልካ ሰጠችኝ። «ቡናው ከረገፈ ይርገፍ። የከርሞ አይጠፋም።» ፈርጠም ብላ ሄደች፤ ጥግ ስትዞር ግን በነጠላዋ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ። እንደዚያን ቀን በሚስቴ ኮርቼ አላውቅም።

ያን ጠዋት የፊልሙን ሁለተኛ ክፍል ጀመርኩ። ጋሼን የሚያስቀይመው ቦታ እንዳይደርስ ፈርቼ ነበር፤ ደረሰ። ያ በብስክሌት አብሮት የዞረው ጓደኛው ምክር ቤት ውስጥ ቆሞ ገበሬው ተራበ ይላል። መሪው ያሳስረዋል። እህል ከለከሉት፤ ውሃ ከለከሉት።

«እዚህ ጋ ዝለለው» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ አልዘልም።»

«ፈረንጅ የሠራው ነው! ፈረንጅ ደግሞ ስለ እኛ ሰው መቼ ደግ ተናግሮ ያውቃል?»

«ይሄ የእኔ ነው» አልኩ፣ እንደ ልማዴ። «ፈረንጁ ሊያጋንን ይችላል፤ እኔም አላምነውም። አሁን የምትናገረው ግን ፈረንጅ አይደለችም፣ በረሃብ የሞተው የዚያ ጓደኛው ሚስት ናት። በራሷ አፍ ነው የምታወራው።» ከዚያ ወደ ፊልሙ ተመለስኩ። «ሚስትየዋ እንዲህ ትላለች፦ ልብሱን ሲሰጡኝ ቀበቶው ላይ በምስማር የበሳው አዲስ ቀዳዳ አገኘሁ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። እያደር መክሳቱን የነገረኝ ቀበቶው ነው። ብስክሌቷ እስከ ዛሬ ቤቴ አለች፤ ልጆቼ እንዲነኳት አልፈቅድም።»

ያ ነገረኛ ባጃጅ ነጂ እንኳ አንገቱን ደፋ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምሳ ሲቀርብ ትሪው ጋ አልመጡም። ካቦው ሄዶ ለመናቸው። «እናንተ ብሉ፣ እኔ አልራበኝም» አሉት። እዚያ ክፍል ውስጥ ከትሪ መቅረት ትልቅ ነገር ነው፤ የተጣላ እንኳ አብሮ ይበላል። ሽማግሌ አባት አስቀይሜ ዋልኩ ብዬ ሆዴ ባባ። ብዘለው ኖሮስ? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ያቺ ሴት ቀበቶውን ይዛ ፊቴ መጣች፤ አይ፣ አይሆንም አልኩ።

በር ላይ የሚቆመው ፖሊስ ሁሉንም ሰምቶ ለመርማሪው ነግሮ ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት እኔንና ጋሼን አንድ ላይ አወጡን። መርማሪው በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ተደራርበው በመስኮቱ ፍርግርግ ያያሉ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለ መርማሪው። «ይሄ ሰው ስለሚወዱት መሪ ክፉ ተናግሮ አስቀይሞዎታል አሉ።»

«አዎ፣ አስቀይሞኛል።»

«እንግዲህ ከራሱ እየጨመረ ነው ማለት ነው። አዩ፣ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ይችኑ ቃል ይስጡን። የእርስዎም ጉዳይ ትንሽ ናት፤ ዛሬውኑ ልናያት እንችላለን።»

ሽማግሌው ትናንት ከእኔ ጋር እህል አልቆረሱም። ዋሽቷል ማለት ለእሳቸው ሁለት ጥቅም ነበረው፤ ማሳቸው ጋ ይመለሳሉ፣ መሪያቸውም ንጹሕ ሆኖ ይቀርላቸዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ልጄ፣» አሉት መርማሪውን፣ «እኔ የበኩር ልጄን የጠራሁት በዚያ ሰው ስም ነው። ይሄ ሰው ዋሽቷል ብል ደስታውን አልችለውም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እያየሁ የፈለግሁት እሱን ነበር። ውሸቱን ፈለግሁ። አጣሁት።»

«ግን ከራሱ…»

«ከራሱ ሲናገር "ይሄ የእኔ ነው" ይላል። እዚህ ያለነው ሁላችን ሰምተናል። ስለ ቀበቶው ሲናገር አላለም። ያ የሴትየዋ ነው። ያቺ እናንተ የጠላችኋት ቃልም የእሱ ከሆነች ይናገር ነበር። ስለ እኔ ድንበር ደግሞ አታስብ፤ ፍርድ ቤት አለ።»

ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። ከመስኮቱ ካቦው በዚያ በቀስታ አነጋገሩ «እንዲህ ነው!» ሲል ሰማሁት። ዕንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም።

መርማሪው እስክሪብቶውን አነሳና ወደ እኔ ዞረ። «የአንተን ቃል ስጥ እንግዲህ።»

ቆምኩ። ማይክሮፎን የያዝኩ ይመስል ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ያቺ ቃል የፊልሙ ናት፤ አልጨመርኩም። የሚከተለው ግን የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ብለህ ጻፈው። መሪው አገሩን ነፃ አውጥቷል፣ ልጆች አስተምሯል። ጓደኛውንም አስርቦ ገድሏል። አንዱ አንዱን አያጠፋውም። ሕዝብን "እኔ ባልኖር እናንተም አትኖሩም" የሚል ሰው የትም አገር ይኑር ያስቃል፤ የሚዛን ሰውም የሳቀው ጆሮ ስላለው ነው።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ይሄን ሁሉ ልጻፈው?»

«አንዲት ቃል ሳትቆርጥ።»

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ከዚያ ጻፈው። አነበበልኝ፣ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ፈረምኩ። በሕይወቴ ስንት ቦታ ፈርሜያለሁ፤ እንደዚያ ፊርማ ያማረልኝ የለም።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ ጋሼ አላናገሩኝም። ምሳ ሲቀርብ ግን ከትሪው ጥግ ተቀመጡ፤ ጎደሬ ቆረሱና አጎረሱኝ። «አሁንም ተቀይሜሃለሁ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ፣ አፌ ሞልቶ።

ጥቂት ሰንብቼ በዋስ ወጣሁ፤ ክስም አልተከተለም። ሹሙ ቀድሞኝ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር። ማሳችን ስደርስ ዛፎቹ ላይ ቀይ ፍሬ የለም። ረግፎ አልቋል ብዬ ክው አልኩ። ባለቤቴ እየሳቀች የቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና አሳየችኝ። የቅዳሜ ደንበኞቼ ደቦ ወጥተው ለቅመውት ኖሯል፤ እኔ ከፊልሙ በፊት ዝም አስብላቸው የነበሩት ወሬኞች ሁሉ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሶኬቱን ሰካሁና ፖሊሱ ከነቀለበት ቦታ ጀመርኩ። ጋሼም ተፈተው ነበርና መጡ፤ ቴፒ የሚያስተምር ትልቁን ልጃቸውን አስከትለው። ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሚስትየዋ ስክሪኑ ላይ መጣች። ጋሼን ሰርቄ አየኋቸው፤ የሚነሱ መሰለኝ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ እየሰማ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አዳምጥ» አሉት። «ስምህ የእሱ ነው። ይሄም የእሱ ነው።»

ዛሬ ሰው ሁሉ ፊልም በስልኩ ያያል። የቅዳሜው ቤቴ ግን አሁንም ይሞላል። ያን ፊልም በየዓመቱ አንዴ አሳያለሁ፤ ግድቡንም ቀበቶውንም፣ አንዱንም ሳልቆርጥ። ጋሼ አርጅተው ጆሯቸው ስለደከመ ማይክሮፎኑን ጠጋ አድርጌላቸው እናገራለሁ። ቀበቶው ጋ ስንደርስ እንደ እስር ክፍሉ ጊዜ ቀድመው የሚጮሁት እሳቸው ናቸው።

«ቀጥል!»